ሁለተኛው ፖርት የጻፈው

ጥቅምት 6

እታለም፣

አባባ ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

ሰላምታውን ትቼ በዚህ መጀመሬን ይቅር በይኝ። በሰላምታ የጀመርኳቸውን ሦስት ወረቀቶች ቀድጃለሁ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እንቢ ይለኛል። አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? የማዕድን ማውጫው አቧራ ጋብ አለልሽ?

አትደንግጪ። ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ የሆስፒታሉን ሾርባ ያማርራል። ሐኪሟ ሳንባው ተቆጥቷል ብላለች። ኦክስጅን የሚሰጠውን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርገውለታል፤ እሱ «አዲሱ መነጽሬ» ይለዋል። የሆነው እንዲህ ነው። ረቡዕ እንደ ሁልጊዜው የክሎሪን ክፍሉን ከፍቶ የሲሊንደሮቹን ሚዛን ሊያነብ ገባ። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። የሥራ ጓደኛው ፂሞ «ሽማግሌው፣ ገና በጠዋቱ ሥራ ጠላህ?» ብሎ ጠጋ አለ። ቀና ሲያደርገው ከንፈሩ ጠቁሯል።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር ይሠራል። መስከረም 18 ቀን አሮጌውን ከውኃ ማጣሪያ ጣቢያው አወጣነው። አንቺ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የጻፍሽው ፕሮግራም ግን ሳይነካ አለ። በአዲሱ ሆድ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ሠርቼ፣ አሮጌውን ከነነፍሱ እዚያ አሰፈርኩት። ፕሮግራምሽ ቤት መቀየሩን እንኳ አላወቀም። እንዳልሽኝ ቁጥር የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት በር፣ ሁለት ሲሪያል ፖርት፣ ሰጠሁት። በአንደኛው ጋዙን ከሚለካው መሣሪያ ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ በሁለተኛው ወደ ዘበኛ ቤቱ አታሚ ይጽፋል፣ ደወሉንም ያስጮኻል። ሁለቱም ጎናቸው ላይ አረንጓዴ አብርተው «ተገናኝቷል» ይላሉ።

ዋናው መሐንዲስ የአታሚውን ወረቀት አይተው «ንጹሕ ነው። ጋዝ አልወጣም። ሰውየው ዕድሜ ነው፣ ሲጋራም አለበት» አሉ። አባባ ሲጋራ የተወው አንቺ ከቤት የወጣሽ ጊዜ ነው። ወረቀቱን ግን እኔም አየሁት። ከመስከረም 18 ወዲህ አንዲት መስመር የለችበትም። አባባ «ይሸተኝ ነበር» ይላል፤ ምስክር የለውም።

እማዬ እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለች። ስትደውዪ «ሁሉም ሰላም» ትልሻለች፤ አትመኛት። የአባባን የሥራ ጃኬት ሦስት ጊዜ አጥባ ኮሪደሩ ላይ ሰቅላዋለች። ሽታው አልለቀቀም። በጎኑ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አሸተዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ወንድምሽ
ሽቦ


ጥቅምት 12

ሽቦዬ፣

ትናንት በስልክ ስለጮኽኩብህ ይቅርታ። እዚህ ስልኩ ያለው ጥበቃዎቹ ክፍል ነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይፈቀዳል፣ ዘበኛው ሰዓቱን እያየ ፊቴ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ አልኩህ። አንደኛ፣ ማንም ሰው ጭንብል ሳያደርግ እዚያ ክፍል እንዳይገባ። ሁለተኛው ጥያቄ ነበር። አንተ «ቆዪ፣ ልየው» ብለህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ደቂቃዬ አለቀ።

ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ያ ወንበር ነው።

ምን እንዳስፈራኝ ልንገርህ። «አንዲት መስመር የለችበትም» ብለህ ጽፈሃል፤ ልታጽናናኝ ነው የጻፍከው። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ትንሽ ጋዝ ማምለጡ አይቀርም፤ አታሚው አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ደወሉ ጮኾ ያባራል፣ አባባ «ሰማን፣ ሰማን» ይለዋል። እናንተ በሳምንት አንዴ ሲሊንደር ትቀይራላችሁ። ያ ወረቀት አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ዝም ብሎ አያውቅም። ደብዳቤህን ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

ለምን በየአሥር ደቂቃው እንዲጽፍ እንዳላደረግኩት ከአሁን በፊት ጠይቀኸኛል፤ አልመለስኩልህም። መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። በየአሥር ደቂቃው፣ ደህናም ሆነ አልሆነ፣ አንድ መስመር። ወረቀቱ ዘበኛ ቤቱን ሞላው። አባባ እየጠረገ «ይቺ ልጅ ወረቀት ልታስግጠኝ ነው» ይል ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ደህና ሲሆን ዝም ማለት አይችልም እንዴ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባ» አለኝ። ሳቅሁ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቀየርኩለት። በሩ ላይ ያለውን ካርድ ታውቀዋለህ፤ «አታሚው ዝም ካለ ግባ» የሚለውን። የእጅ ጽሕፈቱን ልብ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ? የእኔ ነው።

ደህና ሆኖ ዝም ያለውንና ሞቶ ዝም ያለውን የሚለዩበትን ነገር አልሰጠኋቸውም። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴን ደስ አሰኘሁት ብዬ ነበር።

የዕቃ መኪናው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ የማውቀው ነገር የለም።

እኅትህ


ጥቅምት 13

እታለም፣

ወደ ፋይል።

ሁለተኛው ፖርት የሚጽፈው ወደ ፋይል ነበር። በስልክ ልነግርሽ ስመለስ መስመሩ ተዘግቷል። እንኳንም ተዘጋ፤ ያን ጊዜ ከአፌ ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። የጣቢያውን ኢሜይል ደግሞ መሐንዲሱም ያዩታል። ስለዚህ በወረቀት።

እንዲህ ነው የሆነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ሲሪያል ፖርት ስትጨምሪ «ከምን ጋር ላገናኘው?» ብሎ ይጠይቅሻል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው እውነተኛ ፖርት ጋር ልታገናኚው ትችያለሽ፤ ወይም «የሚወጣውን ሁሉ ፋይል ላይ ጻፍ» ትይዋለሽ። መስከረም 18 ቀን ሙከራ ላይ ሳለሁ አታሚው በየደቂቃው ይጮኽ ነበር። መሐንዲሱ ከግድግዳው ወዲያ እንግዳ ይዘው ነበርና አንገታቸውን አስገብተው «ያንን ነገር ዝም አሰኘው» አሉኝ። ለጊዜው ወደ ፋይል አዞርኩት። መስመሮቹ ፋይሉ ላይ አንድ በአንድ ሲወጡ ከአሮጌው ጋር አመሳከርኩ፤ ሁሉም ልክ ነው። ደስ አለኝ። የሙከራ መስመሮቹን ከፋይሉ ደመሰስኩ። ከዚያ አሮጌውን ተሸክመን አወጣን፣ ርክክቡ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሣን። መመለሱን ረሳሁት። መስኮቱ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ከምን ጋር እንደተገናኘ ሰው ካልጠየቀው አይናገርም።

ከትናንት በስቲያ ፋይሉን ከፈትኩት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር። የመጀመሪያው የመስከረም 21፣ የመጨረሻው ያኔ ከስድስት ደቂቃ በፊት የተጻፈ። የሚፈቀደው ልክ ከዜሮ ነጥብ አምስት በታች ነው፤ የመጨረሻው ሦስት ነጥብ አንድ ይላል። ወንበሩን የገፋሁት ያኔ ነው።

ስሮጥ ፂሞ የክሎሪን ክፍሉ በር ላይ ደርሷል፤ ቁልፉን ገና እያስገባ ነበር። ጭንብሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮሌታውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። «ምን ሆንክ አንተ ልጅ፣ አብደሃል?» አለኝ። «እንዳትገባ፣ እንዳትገባ» አልኩት። ተመልሼ ፖርቱን ወደ እውነተኛው አዞርኩት። አራት ደቂቃ አልሞላም፤ ደወሉ ጮኸ። ለካ ድምፁን እንኳ ረስቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ወጣ።

የሚያፈስሰው ሦስተኛው ሲሊንደር ነበር። በአሞኒያ የራሰ ጨርቅ ሲያስጠጉበት ቫልቩ ላይ ነጭ ጭስ ተነሣ፤ ማሸጊያ ጎማው፣ ጎሚኒው፣ ተበልቷል። ቀየሩት። አሁን ክፍሉ ደህና ነው፤ ይህን በእርግጠኝነት ልነግርሽ እችላለሁ፣ በየሰዓቱ እየሄድኩ አይቼዋለሁ።

መሐንዲሱ «እስከ ዛሬ ለምን አልጮኸም?» አሉኝ።

«የአታሚው ገመድ ላልቶ ነበር» አልኳቸው።

«አጠበቅከው?»

«አጠበቅኩት።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እታለም፣ ይህን እስካሁን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። አባባም አያውቅም። በትንሿ ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ለብቻሽ አንብቢና ቅደጃት።

ሽቦ


ጥቅምት 19

ሽቦዬ፣

ትንሿን ወረቀት ቀድጃታለሁ። መልሱ፣ ፋይሉን ያለ ዱካ ማጥፋት ይቻላል ነው። ሁለት ጠቅታ ይበቃል፣ ማንም አያውቅም። አይቻልም ብዬህ ቢሆን ለሁለታችንም ይቀልልን ነበር፤ ግን እማዬ እኔን ትዋሻለች፣ አንተ መሐንዲሱን ትዋሻለህ፣ ሌላ ውሸት የምናስቀምጥበት ጓዳ የለንም።

አታድርገው። ልለምንህ ነው የምጽፈው፤ ልቆጣህ አይደለም። ቁጣዬ ቅዳሜና እሑድ አለቀ። እሑድ ማታ እራቴን ስበላ አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ «እኅቴ፣ ሹካውን አጎበጥሽው» አለችኝ። እውነትም ጎብጧል።

እዚያ ፋይል ውስጥ ያለው የአንተ ጥፋት ብቻ አይምሰልህ። አባባ የተነፈሰው አየር ነው ያለው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ልኩ። ከዚያ ሌላ የትም አልተጻፈም። ሐኪሟ «ምን ያህል ቀን? ምን ያህል ጋዝ?» ብላ ጠይቃችሁ እንደሆነ ንገረኝ። ካልጠየቀች ትጠይቃለች። ያን ቀን መልሱ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳይሆን።

የፋይሉን ቅጂ በፍላሽ ይዘህ እንደሆነ፣ የት እንዳስቀመጥከው አልጻፍክልኝም። ካልሲህ ውስጥ ከሆነ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ሁሉን ነገር እዚያ እንደምትደብቅ እማዬ ታውቃለች፤ ካልሲህንም የምታጥበው እሷ ናት።

እኅትህ


ጥቅምት 24

እታለም፣

ጠይቃለች።

ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ አገኘችኝ። «አባትህ ላይ ያለው ጉዳት የአንድ ቀን አይመስለኝም» አለችኝ። «ወደ ሳንባ ሆስፒታል ልልከው እፈልጋለሁ። እነሱ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሳያዩ አልጋ አይሰጡም፤ በሥራ ላይ ለጋዝ ተጋልጧል፣ ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል መጠን የሚል። አንተ እዚያው አይደለህ የምትሠራው?» እዚያው ነኝ አልኳት። «እንግዲያው ቶሎ በል» አለች። ስንት ቀን ጊዜ እንዳለን ጠየቅኋት። እሷ ግን ወደ ሌላ ታማሚ ተጠርታ ሄደች፤ ወይም ያልሰማች መሰለች።

ደብዳቤውን የሚሰጠው ኮሚቴ ነው። መሐንዲሱ ያረቀቁትን ሪፖርት ጸሐፊያቸው ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አነበብኩት። ጋዝ የወጣው ጥቅምት 11 ቀን ብቻ ነው ይላል፤ ሠራተኛው የታመመው ከዚያ ከሳምንት በፊት ስለሆነ አይገናኝም፤ ጭንብል ሳያደርግ ይገባ ስለነበርም ጥፋቱ የራሱ ነው። በጡረታ ይሰናበት ይላል። የእኔ የገመድ ወሬም አለች፤ «ባለሙያው ወዲያው አስተካክሎታል» ተብላ።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር አድርጌያለሁ። ፂሞ «ገመዱ በየት በኩል ነበር የላላው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በተንኮል አይደለም፣ ሊያውቅ ነው። ወስጄ አሳየሁት። የላላ ብሎን አሳየሁት፤ ጠዋት እኔው ያላላሁትን። አንድ ውሸት ብቻዋን አትቆምም፤ ምርኩዝ ትፈልጋለች።

ትናንት ከፂሞ ጋር አባባን ልንጠይቅ ሄድን። አባባ ከትራሱ ቀና ብሎ አፈጠጠ።

«ይሄ ሰው ማነው? የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው።»

«ድምፁ የፂሞ ነው። ፊቱ ግን ገና አልተወለደም።»

«ጭንብሉ ከፂሙ ጋር አልገጥም አለ» አለ ፂሞ አገጩን እየዳበሰ። «ካንዳቸው መለየት ነበረብኝ።»

«ሚስትህ ምን አለች?»

«ማን ልበል? አለችኝ በር ላይ።»

አባባ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አላቆም አለ። እማዬ ጀርባውን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሲተነፍስ ብርጭቆ ውስጥ ያለን ውኃ በቀሰም እንደሚስብ ልጅ ነው ድምፁ። ሲረጋጋ ፂሞን እጁን ያዘውና እንዲህ አለው፦

«ስማኝ። እኔ እንዳደረግኩት እንዳታደርግ። ሸተተኝ፤ ወረቀቱን አየሁ፤ ወረቀቱ የለም አለ። በማግስቱም ሸተተኝ፤ ወረቀቱ የለም አለ። እሱ ልክ ነበር። ጋዙ የመጣው እኔ ከወደቅሁ በኋላ ነው አሉ። አፍንጫ ያረጃል፣ ማሽን አያረጅም። አንተ አፍንጫህን አትመን፤ ወረቀቱን እመን።»

ፂሞ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ የአልጋውን ጎማ ስቆጥር ነበር። አራት ነው።

በሌላኛው ወረቀት የጠየቅሁሽን መልሽልኝ። እውነቱን።

ሽቦ


ጥቅምት 29

ሽቦዬ፣

ትታሰር እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ያለውን የሕግ ክፍል ሰው ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅሁት። «ይወሰናል» አለኝ። በምን እንደሚወሰን ብጠይቀው «ቀድሞ በማን አፍ እንደ ወጣ» አለኝ። ከሥራ መባረርህ ግን የማይቀር ይመስለኛል። እውነቱን ብለሃል፤ ይኸው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ከኅዳር 12 በፊት አይሆንም አሉኝ። ስለዚህ ከዚህ ጋር ለኮሚቴው የጻፍኩትን ልኬልሃለሁ፤ ፈርሜበታለሁ። ፕሮግራሙን ማን እንደ ጻፈው፣ ዝምታን የደህንነት ምልክት ያደረገው ማን እንደሆነ፣ በሩ ላይ ያለው ካርድ የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ይናገራል። አባባ ጭንብል ሳያደርግ የገባው ካርዱን ስላመነ መሆኑንም። ስለ አንተ አንድ ቃል የለበትም። ያ የአንተ ነው፤ ልጽፍልህ አልችልም።

ፋይሉን በዚያው አታሚ አትመው። ከአዲሱ ኮምፒውተር በቀጥታ ወደ እውነተኛው ፖርት ላከው፤ የፍጥነት ቁጥሩ እንዳለ ይሁን፣ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። አንዲት ፊደል እንዳትነካ። ቀኑንና ሰዓቱን የጻፈው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ እሱ ሰው አይፈራም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ኮሚቴው አባባን አያውቀውም። አባባ ከኮሚቴው አፍ እንዳይሰማ። አፍንጫው አርጅቶ እንደሆነ እያሰበ አንድ ቀን ባይጨመርበት ደስ ይለኛል።

ፈርቻለሁ። ለእኔ ነው ወይስ ለአባባ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

እኅትህ


ኅዳር 4

እታለም፣

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ታትመዋል።

አንድ ነገር ረስተሻል፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የደወሉ ምልክት አለ። እኔም ረስቼው ነበር። ትናንት ሐሙስ፣ መሐንዲሱ ምሳ ሲወጡ ጠብቄ ፋይሉን ላክሁትና ወደ ዘበኛ ቤቱ ሄድኩ። የመጀመሪያው መስመር ወጣ፣ ደወሉ ጮኸ። ሁለተኛው ወጣ፣ ጮኸ። ዘበኛው ራዲዮኑን ታቅፎ ወደ ግቢው በረረ። ላቆመው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ካቆምኩት እንደገና የምጀምርበት ድፍረት ከየት ይመጣል?

ፂሞ ጭንብሉን አጥልቆ እየሮጠ ገባ። አየኝ። አታሚውን አየ። ጭንብሉን አውልቆ ወረቀቱን ቀና አደረገና «መስከረም ሃያ አንድ» ብሎ አነበበ። ደወሉ ጮኸ። «መስከረም ሃያ ሁለት።» ጮኸ። ወረቀቱ እንዳይጣጠፍ በሁለት እጁ እየተቀበለ ቆመ፤ እኔም በሌላኛው ጎን ቆምኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። ለቀብር ደወል እንኳ ይበዛል።

ሲያበቃ «ይሄ ገመድ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ያን ዕለት ኮሌታዬን ስትይዘኝ ታውቅ ነበር።»

«ከአንድ ደቂቃ በፊት ነበር ያወቅሁት።»

አገጩን ዳበሰ፤ ፂም ያለ መስሎት ነው። «አባትህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው እኔም እስከ ሰኞ አላውቅም» አለ። «ሰኞ ግን አውቃለሁ። ለሽማግሌው ስል አውቃለሁ።» ለዘበኛው «ሙከራ ነው፣ ግባ» ብሎ ጮኸለትና ሄደ።

ወረቀቶቹን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩ። አሥራ አንድ ገጽ ነው። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ቤት የሚታጠፈው ጥግ ላይ ቆምኩ። ስገባ እማዬ ብርቱካን እየላጠችለት ነበር። «አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠሁት። እውነተኛ መነጽሩን ጠየቀ። ጣቱን መስመሩ ሥር አስቀምጦ እንደ ተማሪ አነበበ፦ «መስከረም 21፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቀን እየቆጠረ ነበር።

«ሐሙስ ነው» አለ። «ሐሙስ ነው! ሐሙስ ለፂሞ ሸተተኝ ብዬዋለሁ። ‹ሽማግሌው፣ ሸሚዝህን እጠበው› አለኝ።» ጣቱ ወረደ። «ዓርብም። ይኸው ዓርብ። ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔን አቃጥሎኛል፤ ይኸው ቅዳሜ፣ አንድ ነጥብ አራት።» ከዚያ ቱቦውን ከአፍንጫው ነቀል አድርጎ ወደ እማዬ ዞረ። «ሰማሽ አንቺ? አፍንጫዬ አላረጀም። ስንት ቀን ራሴን ስሰድብ ከረምኩ። አፍንጫዬ ደህና ነው!»

እማዬ «ቱቦህን መልስ» አለችው። እያለቀሰች ነበር፤ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። እታለም፣ ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም። እኔም ለአንድ አፍታ ለምን እንደመጣሁ ረስቼ አብሬው ሳቅሁ።

ከዚያ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስተኛው። ጠርዙ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣቱ ነካካቸው። የአታሚያችን ወረቀት መሆኑን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ አሥራ አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት አንብቦታል።

«ይሄ ወረቀት» አለ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ነርሷ በሩን አንኳኩታ «ሰዓት አልቋል» አለች። ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። አንቺ በስልክ የሰማሽው ዓይነት ድምፅ አወጣ። አባባ አላየኝም፤ ጣቱን እያየ ነበር።

«እሑድ ስትመጣ ትነግረኛለህ» አለ። ገጿን አልመለሰልኝም፤ ትራሱ ሥር አደረጋት።

አሥሩ ገጾች እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ለኮሚቴው የጻፍሽው ደብዳቤ በላያቸው ነው። አጠገባቸው ለኮሚቴው የምሰጠው የእኔው ወረቀት አለ፤ እስካሁን ቀኑንና የሥራ መደቤን ብቻ ጽፌበታለሁ። ጃኬቱ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ነው። ዛሬ እማዬ አራተኛ ጊዜ ልታጥበው ስታወርደው «ተይው» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ መልሳ ሰቀለችው።

ይህን የሚወስደው የነገው መኪና ነው፤ ሲደርስሽ ሁሉም አልፏል። እሑድ የመጠየቂያ ሰዓቱ ከስምንት እስከ አሥር ነው። ኮሚቴው ሰኞ ኅዳር 7 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣል።

ሽቦ